የተጠየቅኩትን ብቻ መለስኩ

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ሀዋሳ ባህል አዳራሽ ነበርኩ፤ የልጅ ልጄ በአዋላጅ ነርስነት ሊመረቅ። ልጅ ያስመረቃችሁ ታውቁታላችሁ። በር ላይ አበባ ሻጩ፣ ፎቶ አንሺው፣ የባጃጁ ጥሩንባ ያደናቁራል። ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ጋውን የለበሰው ወጣት ሁሉ አንድ ይሆንባችሁና የራሳችሁን ልጅ ለመለየት አንገታችሁን ስታሰግጉ ትውላላችሁ።

ከጎኔ ነጠላቸውን ደረብ ያደረጉ፣ በዕድሜ ጥቂት የሚበልጡኝ እናት ተቀምጠው ነበር። የእሳቸውም የልጅ ልጅ ከእኔው ልጅ ጋር ነው የምትመረቀው። ጨዋታ ጀመርን፤ ሥራዬን ጠየቁኝ። ነርስ እንደነበርኩ፣ ጡረታ ከወጣሁ አራት ዓመት እንደሆነኝ ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲያ ስሜን መጠየቅ አላስፈለጋቸውም፤ «ሲስተር» ሆንኩ።

ተመራቂዎቹ ቆመው ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እሳቸው ግን እጃቸውን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ ቀሩ። ጭብጨባው ሲበርድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አሉኝ።

ትንሿ ልጃቸው ከሦስት ወር በፊት ወልዳለች። ከወለደች በኋላ ደም ፈሰሳት፤ ወደ ሌላ ሆስፒታል ሪፈር ተባለች፤ እዚያ ስትደርስ ነፍሷን ለማትረፍ ማህፀኗ ወጣ። ዕድሜዋ ሃያ ስድስት ነው፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው። «ሕፃኑ ደህና ነው፣ ተመስገን። እሷም ተርፋለች። ግን አንድ ሰው እንኳ ቁጭ ብሎ ምን እንደሆነ አልነገረንም። ወንድሟ ልክሰስ ይላል፤ አባቷ የእግዜር ሥራ ነው ተዉት ይላሉ። እኔ ገንዘብ አልፈለግኩም። ወዴት ነው የሚኬደው? ፖሊስ ነው? ፍርድ ቤት ነው? ጤና ቢሮ ነው?»

ሠላሳ ስምንት ዓመት ማዋለጃ ክፍልና ማህፀን ክፍል ስመላለስ ኖሬ ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አልነበረኝም። «ልጠይቅልዎትና እነግርዎታለሁ» ብዬ ስልካቸውን ተቀበልኩ። የቀረውን ፕሮግራም በአካል እንጂ በልብ አዳራሹ ውስጥ አልነበርኩም። አንድ የቆየ ነገር ተቀሰቀሰብኝ፤ ለቤተሰቤም ቢሆን ደፍሬ በደንብ የነገርኩት አይደለም።

1998 ዓ.ም. ነው። የምሠራበትን ሆስፒታል ስም አልጠራም፤ ብዙዎቹ የዚያን ጊዜ ባልደረቦቼ ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው። አራተኛ ልጇን ልትወልድ የመጣች እናት ማህፀኗ ተቀዶ ሌሊት ላይ ሞተች። ተረኛዋ አዋላጅ ዲፕሎማዋን ከያዘች ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ ነበረች። ባልየው አመለከተ፤ ጉዳዩ በቸልተኝነት ሰው መግደል ተብሎ ዓቃቤ ሕግ ክስ መሠረተ። እኔ ያን ሌሊት ሥራ ላይ አልነበርኩም። የክፍሉ ኃላፊ ስለነበርኩ ግን ቻርቱን እንዳስረዳ በምስክርነት ተጠራሁ።

ዋናው ማስረጃ ፓርቶግራፍ የምንለው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ምጥ ላይ ያለች እናት የማህፀን በሯ ስንት ሴንቲሜትር እንደተከፈተ፣ የሕፃኑ የልብ ምት በየግማሽ ሰዓቱ፣ የእናቲቱ የደም ግፊት በየአራት ሰዓቱ ይመዘገብበታል። ሁለት ሰያፍ መስመሮች አሉት። ምጡ የመጀመሪያውን መስመር ካለፈ ተጠንቀቁ ማለት ነው። አራት ሰዓት ዘግይቶ ያለውን ሁለተኛውን ከነካ ሐኪም መጠራትና መወሰን አለበት።

ዳኛው ወጣት፣ ትሁትና ጠንቃቃ ሰው ነበሩ። ወረቀቱን አዘቅዝቀው ሁሉ አዩት።

«እነዚህ ነጥቦች ምንድን ናቸው?»

«የሕፃኑ የልብ ምት ነው፣ ክቡር ዳኛ።»

«ስንት መሆን ነበረበት?»

«በደቂቃ ከ110 እስከ 160።»

«እዚህ ላይ ስንት ይላል?»

«140።»

«እንግዲያው ደህና ነበር ማለት ነው?»

«ወረቀቱ እንደዚያ ይላል።»

ያቺ መልሴ እስከ ዛሬ ትከተለኛለች። ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ የእጅ ግፊት፣ ያለ አንድ ስርዝ የተሞላ ነበር። የልብ ምቱ ሌሊቱን ሙሉ 140፣ 140፣ 140። የሕፃን ልብ እንደ ግድግዳ ሰዓት አይመታም፤ ምጥ ሲመጣ ይወርዳል፣ ይወጣል። ማዋለጃ ክፍል አንድ ወር የሠራ ሰው በአንድ እይታ ያውቀዋል፤ ያ ወረቀት ጠዋት፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ የተሞላ ነው። ዓቃቤ ሕጉ ይህን አልጠየቁኝም። ዳኛውም አልጠየቁኝም። የተከሳሽ ጠበቃማ ለምን ይጠይቁኝ? የተጠየቅኩትን ብቻ መልሼ ወረድኩ።

እንዲህ ስል ልጅቷ አጥፍታለች ብዬ መፍረዴ አይደለም። ያን ሌሊት ምጥ ላይ ያሉ ስድስት እናቶች በእሷ አንድ እጅ ነበሩ። ለእያንዳንዷ አምስት ደቂቃ ብትሰጥ ግማሽ ሰዓቱ አለቀ፤ እንደገና ከመጀመሪያዋ መጀመር ነው። ማን ይጽፋል? ማን ያዋልዳል? ሐኪሙ ሌላ ቀዶ ሕክምና ላይ ነበር። ደም አልነበረም። ይህንንም የጠየቀኝ የለም። ቢጠየቅ ኖሮ ተከሳሽ ሳጥን ውስጥ መቆም የነበረበት ሌላ ሰው ይሆን ነበር፤ ምናልባትም እኔ ጭምር፣ የተረኛ ፕሮግራሙን የማወጣው እኔ ነበርኩና።

ልጅቷ በማስረጃ ጉድለት በነፃ ተሰናበተች። ከጥቂት ወራት በኋላ ሙያውን ትታ ልብስ መነገድ ጀመረች ሲሉ ሰማሁ። ባልየው ልጆቹን ይዞ ወደ ገጠሩ ተመለሰ። የሌሊት ተራው ግን አንድ አዋላጅ ለስድስት እንደነበረ ቀጠለ።

ለሴትዮዋ መልስ ፍለጋ ስነሳ የሕግ ባለሙያ የሆነ የእህቴን ልጅ ይዤ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ያሳየኝ የ1996ቱን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ነው። በቸልተኝነት ሰው የገደለ ሰው የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ካለበት ቅጣቱ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ቀላል እስራትና መቀጮ ነው። ሕጉ ለምሳሌ ብሎ የጠቀሰው ደግሞ ሐኪምንና ሹፌርን ነው፤ ሁለቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር። ሳነበው ፈገግ አልኩ፤ ከዚያ ግን አሳሰበኝ። መኪና ሰው ሲገጭ ትራፊክ ፖሊስ ይደርሳል፤ የፍሬኑን ምልክት በሜትር ይለካል፣ ፕላን ያነሳል። ዳኛው ፊት የሚቀርበው ከክርክሩ ውጪ የሆነ፣ መንገድ ማንበብ የሚያውቅ ሰው ያዘጋጀው ወረቀት ነው። ማዋለጃ ክፍል ውስጥስ ማን ነው ፕላን የሚያነሳው? የሚቀረው ወረቀት የጻፈው ራሱ ተከሳሹ ነው።

በፍትሐ ብሔር በኩል ደግሞ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ሕግ ቁጥር 2031 አለ። ባለሙያ ሰው የሚጠየቀው በሳይንስ በታወቁ ነገሮች ወይም በሙያው ተቀባይነት ባላቸው ደንቦች ሲመዘን ግዴታውን በግልጽ ባለማወቅ ወይም በቸልታ አጥፍቶ ሲገኝ ነው ይላል። መልካም ሕግ ነው። ግን «በሳይንስ የታወቀ ነገር» የትኛው እንደሆነ ለዳኛው የሚነግረው ሌላ ሰው መሆኑ አይቀርም። ሥነ ሥርዓት ሕጉ ፍርድ ቤቱ ባለሙያ አዝዞ አስመርምሮ ሪፖርት እንዲቀበል ይፈቅዳል። ሪፖርቱ ግን የሚመልሰው የተጠየቀውን ነው፤ እኔ እንዳደረግኩት።

አንዳንድ ሳይንስ ለዳኛ የተጨረሰ መልስ ይሰጣል። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ጋብቻ ከፈረሰ በኋላ በ300 ቀን ውስጥ የተወለደን ልጅ የባልየው ነው ብሎ ሲገምት፣ እኛ አያቶች በጣታችን የምንቆጥረውን ወር ነው በሕግ የጻፈው። ዛሬ አባትነት ክርክር ሲጠና ዲኤንኤ ይታዘዛል፤ ላቦራቶሪው ነው ወይም አይደለም ብሎ ይጽፋል፤ ዳኛው የዘር ቅንጣት ማንበብ አይጠበቅበትም። የማዋለጃ ክፍል ቻርት እንዲህ አይነት አረፍተ ነገር አይሰጥም። ማን፣ መቼ፣ ስንት ሰው ይዞ፣ ምን እያለው፣ ምን ሳይኖረው ሠራ የሚለው ሁሉ ተደምሮ ነው እውነቱ የሚወጣው።

ታዲያ አገራችን ምንም የላትም ማለት አይደለም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299/2006 የፌዴራል የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ የሚሠራበትን ሥርዓት አስቀምጧል፤ በክልል ጤና ቢሮዎች ሥርም እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠሩ አሉ። የተጎዳ ቤተሰብ እዚያ ማመልከት ይችላል፤ ፖሊስና ፍርድ ቤትም የሙያ አስተያየት ይጠይቃሉ። የባለሙያው ፈቃድ እስከ መታገድና መሰረዝ የሚያደርስ እርምጃ ይኖራል። ኮሚቴው ካሳ አይፈርድም፤ ካሳ የፍርድ ቤት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለፌዴራሉ ኮሚቴ የቀረቡትን አቤቱታዎች ያጠኑ ሐኪሞች እንደጻፉት፣ ብዙው አቤቱታ ከወሊድና ከቀዶ ሕክምና የመጣ ነው፤ ጥፋት ተገኘ የተባለው ከሩብ በታች ነው። እኔ እንደ ነርስ ይህ ቁጥር አይደንቀኝም። ሰው የሚሞተው ሁሉ በጥፋት አይደለም። ሟች የቀበረ ቤተሰብ ግን ይህንን ሲሰማ «ሐኪም በሐኪም ላይ ይፈርዳል እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። ሁለቱንም ወገን አውቃለሁ፤ ሁለቱም ከልባቸው ነው።

ሰው ባልገባው ነገር ብቻውን አይፈርድም የሚለው ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። በሲዳማ ሽማግሌዎች ሶንጎ ላይ ሲቀመጡ ነገሩ የሚጀመረው «አፊኒ?» ተብሎ ነው፤ ሰማችሁ ወይ እንደ ማለት። የፍቼ ጨምበላላን ቀን ሲወስኑ ደግሞ ከዋክብትን የሚያነቡት አያንቶዎች ናቸው የሚናገሩት። ሽማግሌው ሰማይ ማንበብ አላውቅም ብሎ ማፈር የለበትም፤ የሚያነበው ሰው አጠገቡ አለ።

መንግሥት ፍርድ ቤቶችም ይህን ጀምረውታል። አዲስ አበባ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሕፃናት ሲመሰክሩ ከችሎቱ ተለይተው በሌላ ክፍል ሆነው በካሜራ ይታያሉ፤ የዳኛውንና የጠበቃውን ጥያቄ ወደ ልጅ ቋንቋ መልሶ የሚጠይቃቸው ሌላ ባለሙያ ነው። የቤተሰብ ችሎት አለ፣ የሥራ ክርክር ችሎት አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ውስጥም ከሠራተኛውና ከአሠሪው የተወከሉ ሰዎች አብረው ይቀመጣሉ። ለልጅና ለደመወዝ የታሰበው ለማዋለጃ ክፍል የማይታሰብበትን ምክንያት አላየሁም።

በሌላው ዓለም መንገዱ ብዙ ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1961 ያቋቋመችው የፓተንት ፍርድ ቤት ውስጥ መሐንዲሶችና ኬሚስቶች ራሳቸው ዳኛ ሆነው ከሕግ ዳኞች ጋር ይፈርዳሉ። ህንድ በ2010 ባቋቋመችው የአካባቢ ጥበቃ ፍርድ ቤትም ባለሙያዎች አባል ናቸው።

እኔን ይበልጥ የሳበኝ ግን የአሜሪካው «የክትባት ፍርድ ቤት» ነው፤ ምናልባት ዕድሜዬን ሙሉ ክትባት ስወጋ ስለኖርኩ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ዲፒቲ የምንለው ክትባት ልጆቻችንን ጎዳ ያሉ ወላጆች ፋብሪካዎችን በብዛት ከሰሱ። ፋብሪካዎቹ መሥራት ማቆም ጀመሩ፤ ክትባት እንዳይጠፋ ተፈራ። በ1986 ሕግ ወጣ፤ ከ1988 ጀምሮ የክትባት ጉዳይ የሚሰሙ ልዩ ዳኞች ተመደቡ። እነዚህ ሰዎች የሕግ ሰዎች ናቸው፤ ሐኪሞች አይደሉም። ግን ዓመቱን ሙሉ የሚሰሙት ይህንኑ ስለሆነ ምን መጠየቅ እንዳለባቸው ያውቃሉ። ወላጅ የፋብሪካውን ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ ጉዳቱ ከክትባቱ መምጣቱን እንጂ። ካሳው የሚከፈለው ክትባቱ ለሚከላከለው ለእያንዳንዱ በሽታ ከሚሰበሰብ 75 የአሜሪካ ሳንቲም ቀረጥ ነው። (የልጅ ልጆቻችሁን ማስከተብ እንዳትተዉ አደራ። ከባድ ጉዳት እጅግ ጥቂት ነው፤ ኩፍኝና ትክትክ የገደሏቸውን ሕፃናት በዓይኔ ያየሁ ሰው ነኝ የምነግራችሁ።)

ለእኛ አዲስ ሕንፃና አዲስ ማኅተም ያለው ልዩ ፍርድ ቤት ይሠራ ማለት ይከብደኛል። ያለው ዳኛ እንኳ በመዝገብ ተጨናንቋል። የምመኘው አንድ ወንበር ነው። የሕክምና ጉዳይ በሚሰማበት ቀን ከዳኛው ጎን የሚቀመጥ፣ ደብዳቤ ልኮ የሚቀር ሳይሆን ምስክሩን ራሱ የሚጠይቅ አዋላጅ ወይም ሐኪም። ያን ቀን እንዲህ ያለ ሰው ቢኖር ኖሮ «ሲስተር፣ ይህ ወረቀት መቼ የተሞላ ይመስልሻል?» ይለኝ ነበር። በመሐላ ላይ ቆሜ ልዋሽ አልችልም ነበር። ቀጥሎም «ያን ሌሊት ስንት ምጥ ነበር?» ይለኝ ነበር።

የእህቴ ልጅ በዚህ አልተስማማም። «አክስቴ፣ ሀዋሳ ትንሽ ከተማ ናት። ወንበሩ ላይ የምታስቀምጪው ሐኪም የተከሳሹ የክፍል ጓደኛ ቢሆንስ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ከሌላ ክልል ይምጣ እንጂ አልኩ። ማን ይከፍለዋል አለኝ። እዚህ ላይ ተለያየን። ያለ እውቀት መፍረድና በወዳጅነት መፍረድ የትኛው ይብስ እንደሆነ እስከ ማታ ስንከራከር አመሸን።

ማክሰኞ ሴትዮዋ ቤቴ መጡ፤ ልጃቸውም አብሯቸው። ከፌስታል ውስጥ ያወጡልኝ የሪፈር ወረቀት በአራት ታጥፎ ጫፉ መበጠስ ጀምሯል። መጀመሪያ ያልኳቸው «ዋናውን ለማንም እንዳይሰጡ፤ ፎቶ ኮፒ አድርገው ቅጂውን ይስጡ» ነው። ሁለተኛው፣ ካሳ ለመጠየቅ ካሰቡ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በመደበኛው የሚሰጠው ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰ ሁለት ዓመት መሆኑን ነው። ገና ሦስት ወራቸው ነው፤ ግን ሐዘንና ሽምግልና ሲጎትቱት ሁለት ዓመት ሩቅ አይደለም። ሦስተኛው፣ መጀመሪያ ሆስፒታሉን በጽሑፍ ማብራሪያ ጠይቁ፤ ካልመለሱላችሁ ለጤና ቢሮ አመልክቱ፤ የሙያ አስተያየት ሳይኖር ፍርድ ቤት መግባት ባዶ እጅ መግባት ነው አልኳቸው።

ወረቀቱን አነበብኩት። የወለደችው ከሌሊቱ 8፡10 ነው። ሪፈር የተጻፈው 10፡50። በመካከሉ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ አለ። ስለዚያ ጊዜ የተጻፈው «ደም መፍሰስ፣ ግሉኮስ ተሰጥቷል» የሚል ብቻ ነው። ከወሊድ በኋላ ግማሽ ሊትር ደም ሲያልፍ አደጋ ነው ብለን የምንማር ሰዎች ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። የዘገየ ሰው ይኑር፣ አምቡላንስ ይጥፋ፣ ወረቀቱ አይናገርም።

«ታዲያ ማን ይናገራል?» አሉኝ።

ወንድሟ ማመልከቻውን ጽፎ መጥቶ ነበር። «ነፍሰ ገዳዮች» የሚል ቃል ነበረበት። እሱን አስወጣሁት። በምትኩ ጥያቄ አስጻፍኩት፦ ሐኪም የተጠራው በስንት ሰዓት ነው? ያን ሌሊት ስንት ተረኛ፣ ስንት እናት ነበር? የተሰጣት መድኃኒት ምንድን ነው፣ በስንት ሰዓት? ደም ተጠይቋል ወይ? አምቡላንስ የተጠራው መቼ ነው? ቻርቱን የሞላው ማን ነው፣ መቼ? ልጁ እየጻፈ ቀና ብሎ፣ «ይህን ሁሉ እኛ ከየት እናውቀው ነበር?» አለኝ። እናትየው ደግሞ ጽዋውን አስቀምጠው፣ «ቢጠሩዎት ይመጣሉ፣ ሲስተር?» አሉ። እመጣለሁ አልኳቸው፤ ያልጠየቁኝንም እናገራለሁ።

ከሄዱ በኋላ የልጅ ልጄ ከጓዳ ወጣ። ለካ ሲያዳምጥ ኖሯል። በሚቀጥለው ወር ሥራ ይጀምራል። ዲፕሎማው ገና ፍሬም አልገባም፤ ጠረጴዛ ላይ ነው።

«እማዬ፣ እኔም ሌሊት ብቻዬን ስድስት ቢደርሱኝስ?» አለኝ።

«ስድስት መሆናቸውን እዚያው ሪፖርት ደብተሩ ላይ ሰዓቱን ጽፈህ ፈርምበት፤ ኃላፊህንም ከእንቅልፍ ቀስቅስ» አልኩት። «የሰማኸውን የልብ ምት ወዲያው ጻፍ። ያልሰማኸውን ባዶውን ተወው።»